ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንድ ጋር ድራም ለምትመታ፦ ከዝግጅት እስከ መድረክ

ቤት ውስጥ ከተቀዳ ዘፈን ጋር መምታትና ከሰዎች ጋር መምታት ለየቅል ናቸው። የተቀዳው ዘፈን አንተን አይሰማህም። ብትፈጥንም ብትዘገይም እሱ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ስትስት ጎትቶ ይመልስሃል። ባንድ ግን ይሰማሃል፤ ይከተልሃልም። አንተ ትንሽ ስትፈጥን ጊታሩ ይፈጥናል፣ ቤዝ ጊታሩ ይከተላል፣ ድምፃዊዋ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ታጣለች። ምናልባት ማንም ጣቱን ወደ አንተ አይቀስርም። ዘፈኑ አንድ ነገር እንደጎደለው ግን ሁሉም ይታወቀዋል።

ስለዚህ ከባንድ ጋር ስትቀመጥ የመጀመሪያ ሥራህ ሌሎቹ ሳይሳቀቁ የሚደገፉበትን ጊዜ መያዝ ነው። ቅልጥፍናህም ሆነ ለወራት ያጠናሃቸው ከባባድ ፊሎች (ከአንዱ የዘፈን ክፍል ወደ ሌላው ስትሻገር የምትጨምራቸው የምት ጌጦች) ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ቀጥሎ ያለው ምክር ሁሉ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው።

ዘፈኖቹን ስቲክ ሳትይዝ አጥና

የምትለማመዷቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ቀደም ብለህ ጠይቅ። የትኛውን ቅጂ እንደምትከተሉም ጠይቅ። አንድ ዘፈን የስቱዲዮ ቅጂ አለው፣ የመድረክ ቅጂ አለው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የሠራው ቅጂ ይኖረዋል። ፍጥነታቸውም አጨራረሳቸውም ይለያያል። አንተ አንዱን፣ ጊታሪስቱ ሌላውን አጥንታችሁ ብትገናኙ የልምምዱ ግማሽ ሰዓት በክርክር ያልቃል።

ከዚያ አዳምጥ። መጀመሪያ ዝም ብለህ፣ ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ። ኖታ ማንበብ ባትችል ችግር የለም። የምትፈልገው የዘፈኑን ካርታ ነው። ባር ማለት “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” ተብሎ የሚቆጠር አንድ ዙር ነው፤ ሃይሃት በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል (የብረት ሳህን)፣ ራይድ ደግሞ ትልቁ ሲምባል ነው። እንዲህ ብለህ መጻፍ ትችላለህ፦

መግቢያ፦ 4 ባር፣ ጊታር ብቻ
ስንኝ፦ 16 ባር፣ ሃይሃት ዝግ
አዝማች፦ 8 ባር፣ ራይድ
ስንኝ፦ 16 ባር
አዝማች፦ 8 ባር
ሶሎ፦ 16 ባር፣ ቀለል ብሎ ጀምሮ ይጨምራል
አዝማች፦ 8 ባር፣ ሁለት ጊዜ
መጨረሻ፦ ሁሉም በ“አንድ” ላይ ይቆማል

ለአንድ ዘፈን አንድ ገጽ ይበቃል። ፊደሉን ጎላ አድርገህ ጻፈው፤ መሬት ላይ ከሃይሃቱ አጠገብ ሲቀመጥ መነበብ አለበት። ከላይ ጥግ ላይ የዘፈኑን ፍጥነት አስፍር። ስልክ ላይ የሚጫን ብዙ የሜትሮኖም (ምትን በእኩል ፍጥነት የሚቆጥር መሣሪያ) አፕ በጣትህ ምቱን ስትነካ ቁጥሩን ይነግርሃል። “96” ማለት በደቂቃ 96 ምት ማለት ነው።

መጨረሻውን በደንብ አስምርበት። ብዙ የተቀዱ ዘፈኖች ድምፃቸው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያልቁት። በቀጥታ የሚጫወት ባንድ ግን እንደዚያ ማለቅ ይከብደዋል፤ በግልጽ መቆም አለበት። አዳዲስ ባንዶች የሚበታተኑት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ አንድ ዙር ይቀረናል ብሎ ቀጥሏል። “እንዴት ነው የምንጨርሰው?” ብለህ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ጠይቅ። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ሁሉም ያመሰግንሃል።

ከሜትሮኖም ጋር ታረቅ

ብዙ ጀማሪ ሜትሮኖም አይወድም። ደረቅ ነው፣ ያናድዳል። ግን ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለህም።

ቁጥሩን ተመልከት። በ120 ፍጥነት የሚሄድ የ4 ደቂቃ ዘፈን 480 ምት አለው። ያንኑ ዘፈን በ128 ብትመታው በ3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያልቃል። 8 ቁጥር ብቻ ነው የጨመርከው፤ ድምፃዊው ግን ቃላቱን መዋጥ ይጀምራል።

ጊዜ የሚያመልጥበት ዋናው ቦታ ደግሞ ፊል ላይ ነው። በ120 ፍጥነት አንድ ባር ሙሉ በፈጣኑ፣ ማለትም በአንድ ምት አራት አራት እየመታህ፣ 16 ጊዜ ስትመታ በየምቱ መሃል ያለው ክፍተት የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው። እያንዳንዷን ምት በመቶኛ ሰከንድ ብቻ ብታቻኩላት፣ 16ቱ ሲያልቁ ከእነዚህ ክፍተቶች ከአንዱ በላይ ቀድመህ ክራሹ (ለማጉላት የሚመታው ሲምባል) ላይ ደርሰሃል። አንተ ክራሹን መትተሃል፣ ቤዙ ገና እየመጣ ነው። ጆሮ የሚቀፈው ያ መደነቃቀፍ ከዚህ ነው የሚመጣው።

መድኃኒቱ ይኸው፦ ሜትሮኖሙን ክፈትና ሦስት ባር ቀላል ምት፣ አንድ ባር ፊል፣ ከዚያ ተመልሰህ ሦስት ባር ምት እያልክ ዙር። ትኩረትህ ፊሉ ማማሩ ላይ አይሁን። ከፊሉ በኋላ ያለችው “አንድ” ከሜትሮኖሙ ጋር እኩል ማረፏን ብቻ ስማ። ካላረፈች ፊሉን አሳጥረው። በግማሽ ባር ሞክር፣ በአንድ ምት ሞክር። ከጊዜው ሳይወጣ የሚመለስ አጭር ፊል ከጊዜው ከሚወጣ ረጅም ፊል ሁልጊዜ ይበልጣል።

ይህ ሲለምድልህ ሜትሮኖሙን በግማሽ ፍጥነት አድርገውና ድምፁን “ሁለት” እና “አራት” ላይ እንደሚመታ ቁጠረው። “አንድ” እና “ሦስት”ን አንተ ራስህ መያዝ አለብህ። መጀመሪያ ላይ ይጠፋብሃል። ከያዝከው በኋላ ግን ጊዜው ከውጭ መምጣቱ ይቀርና ከውስጥህ መምጣት ይጀምራል።

ምን ልምታ?

ከምትችለው ያነሰ ምታ። በተለይ በመጀመሪያው ልምምድ።

ለአብዛኛው ባለ አራት ምት ዘፈን ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) “አንድ” እና “ሦስት” ላይ፣ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው ከበሮ) “ሁለት” እና “አራት” ላይ፣ ሃይሃት በየግማሽ ምቱ ይበቃል። ይህን አነስተኛ አድርገህ አትየው። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሳይንገዳገድ ይዞት መሄድ የሚችል ጀማሪ ብዙ አይደለም። እሱን ካደላደልክ በኋላ የቤዙን መስመር ስማና ኪክህን ቤዚስቱ ጠንከር አድርጎ ከሚመታቸው ኖታዎች ጋር አጋጥም። ሁሉንም መከተል አይጠበቅብህም። ሁለት ሦስቱን ዋና ዋናዎቹን ከያዝክ የባንዱ ድምፅ ወዲያው ይወፍራል። ልዩነቱን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ከ1963 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የሮሊንግ ስቶንስ ድራመር የነበረውን ቻርሊ ዋትስን በቪዲዮ ፈልገህ ተመልከተው። ያን በሚያህል ትልቅ መድረክ ላይ የሚቀመጠው በትንሽ የድራም ስብስብ ነው። ቀኝ እጁንም ልብ በል። ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ብዙ ጊዜ ሃይሃቱን አይመታም፤ እጁን አንሥቶ ያሳልፈዋል። ስኔሩ ብቻውን ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ምት በመተው ሌላውን ምት ማጉላት ይቻላል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

የዘፈኑን ክፍሎች ለመለየት ደግሞ ብዙ መለወጥ አያስፈልግም። ስንኙ ላይ ሃይሃቱን ዝጋ፣ አዝማቹ ላይ ትንሽ ክፈተው ወይም ወደ ራይድ ተሻገር። ለስላሳ ቦታ ላይ ስኔሩን ከመምታት ይልቅ ስቲኩን ቆዳው ላይ አጋድመህ ጠርዙን ብቻ ነካ አድርግ። ድምፃዊው እየዘፈነ ፊል አትምታ። እሱ ዐረፍ ሲል ያለችው ክፍተት ያንተ ናት።

ምን ይዤ ልሂድ?

የልምምዱ ቦታ ድራም ካለው ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ከበሮዎቹ አሉ፤ ሲምባል፣ ፔዳልና ስኔር ግን ይዘህ መምጣት ሊኖርብህ ይችላል። የራስህን ፔዳል መያዝ በጣም ያግዛል፤ እግር የለመደውን ነገር ይወዳል።

ስቲክ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ያዝ። አንዱ ይሰበራል ወይም ይወድቃል። ትርፉን ከኪኩ ጎን እጅህ በሚደርስበት ቦታ አድርገው። የትኛውን ልግዛ ካልክ 5ኤ የሚባለው ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ለአብዛኛው ነገር ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ቀጠን ያለውን 7ኤ ሞክር። የድራም ቁልፍ (የከበሮ ቆዳ ማጥበቂያ)፣ ኪኩ እንዳይንሸራተት የሚነጠፍ ትንሽ ምንጣፍ፣ የሚጮኽ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ውኃ። በቃ።

የጆሮ መሰኪያን ለብቻው ያነሣሁት ሰው ስለሚንቀው ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው ወሰን በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ድራም በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ልምምዱ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። አንዴ የተጎዳ መስሚያ አይመለስም። ተራው የስፖንጅ መሰኪያ ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሚበላው ሲምባሉ ይደነዝዝብሃል። ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራው ግን ሁሉንም ድምፅ በተቀራራቢ መጠን ዝቅ ያደርገዋል። ከቻልክ እሱን ግዛ፤ ካልቻልክ ስፖንጁም ቢሆን ከምንም ይሻላል። አደራ፣ ይህንን ነገር ቸል አትበለው።

ልምምዱ ቦታ ስትደርስ

ቀድመህ ድረስ። ጊታሪስቱ ገመዱን ሰክቶ ሲጨርስ አንተ ገና የቋሚዎቹን እግር እየዘረጋህ ነው። መጀመሪያ የወንበሩን ከፍታ አስተካክል። ዳሌህ ከጉልበትህ ትንሽ ከፍ ካለ እግርህ ሳይደክም ይሠራል። ቀጥሎ ስኔሩን፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ወደ አንተ አምጣው። ክራሽ ለመምታት ከወንበርህ የምትነሣ ከሆነ ክራሹ ሩቅ ነው።

ቤዚስቱ ወደ ሃይሃትህ በኩል፣ አጠገብህ እንዲቆም ጠይቅ። ምክንያት አለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 7 ሜትር ርቆ ከቆመ የሱ ድምፅ አንተ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ከላይ ስለ ፊሉ ያየነውን ካስታወስክ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። መቅረቡ ሌላም ጥቅም አለው፦ ትተያያላችሁ። የቤዚስቱን ጣትና የድምፃዊውን ጀርባ ወይም ፊት ማየት ካልቻልክ ቦታ ቀይር። ወረቀትህ ላይ አፍጥጠህ ከዋልክ ምልክት ሲሰጡህ ያመልጥሃል።

አሁን ስለ ድምፅ መጠን። የድምፃዊውን ቃላት ከወንበርህ ሆነህ መስማት ካልቻልክ እየጮኽክ ነው። ድራም ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ሌሎቹ አምፕሊፋየራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ አንተ ይበልጥ ትመታለህ፣ እንዲህ እያለ ክፍሉ መስሚያ ያሳጣል። የሚያበርድልህ ስቲኩን ዝቅ አድርጎ ማንሣት ነው። በአንድ ክንድ ከፍታ ፈንታ በአንድ ስንዝር ከፍታ ምታ። ሲምባል ላይ በተለይ እጅህን አለስልስ፤ ኪክና ስኔሩ ጠንከር፣ ሃይሃቱ ለዘብ ብሎ ሲሆን ባንዱ ውስጥ የተሻለ ሚዛን ይሰጣል። ብዙ ጀማሪ ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው።

ሳትመታ በምትቆይበት ጊዜ የስኔሩን ሽቦ በጎን ባለችው ማንሻ ፍታው። ቤዙ ሲመታ ሽቦው “ዝዝዝ” እያለ ይረብሻል። ከመግባትህ በፊት መልሰህ ማጥበቅህን ግን እንዳትረሳ።

አቆጣጠር

ዘፈኑን የምታስጀምረው አንተ ነህ። ከመቁጠርህ በፊት አዝማቹን በሆድህ ዝፈነው። የዘፈኑ ትክክለኛ ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ከአዝማቹ ቃላት ነው። ካልመጣልህ ሜትሮኖሙን ለጥቂት ሰከንድ አብርተህ ስማው፤ ማንም አይታዘብህም። ከዚያ ስቲኮቹን እያጋጨህ ሁሉም እንዲሰማ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” በል። ቀስ ያለ ዘፈን ከሆነ በምቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ሰው በየግምቱ ይገባል። እዚያ ላይ “አንድ-እና፣ ሁለት-እና” እያልክ ክፍተቱን ሙላው።

ቆጠራህና የመጀመሪያው ባር አንድ ፍጥነት መሆን አለባቸው። በረጋ ድምፅ ቆጥሮ በሩጫ መግባት በጣም የተለመደ ነው። እሱን ለብቻው ተለማመደው፦ ቁጠር፣ ሁለት ባር ምታ፣ ቁም። እንደገና።

ዘፈኑ ሲጠፋብህ

ይጠፋብሃል፤ የማይጠፋበት የለም። ያኔ አትቁም። ፊሉን፣ ክራሹን፣ ጌጡን ሁሉ ተወውና ሃይሃቱ ላይ ብቻ ምቱን ያዝ። ቤዙን ስማ። ቤዝ ብዙውን ጊዜ “አንድ” ላይ የኮርዱን ሥር፣ ማለትም መሠረታዊ ድምፁን፣ ይመታል፤ “አንድ” የት እንዳለች እሱ ይነግርሃል። ስታገኛት ኪኩን አስገባ፣ ቀጥሎ ስኔሩን።

ምትህ ከተገለበጠ፣ ማለትም ስኔርህ የኪክ ቦታ ላይ እየወደቀ ከሆነ፣ በጉልበት ለማስተካከል አትሞክር። ስኔሩን ለአንድ ባር ሙሉ ተወው። ከዚያ በትክክለኛው ቦታ ግባ። አድማጩ ሆን ብለህ ያቀለልከው ነው የሚመስለው። የስንኙን ብዛት ከረሳህ ደግሞ ድምፃዊውን ተመልከት። ወደ አዝማቹ ሊገባ ሲል ትንፋሽ ይስባል፣ ወደ ማይኩ ይጠጋል። ሰውነቱ ቀድሞ ይናገራል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ስቲክህን አስቀምጥ። ሌሎቹ ሲነጋገሩ ወይም ጊታር ሲቃኙ ቶም የሚባሉትን ከበሮዎች የሚደበድብ ድራመር ሁሉንም ያሰለቻል። “ፈጠንክ” ሲሉህም አትከራከር። ልምምዱን በስልክ ቅዳው፤ ስልኩን ከድራሙ ራቅ አድርገህ፣ ድምፃዊው ባለበት በኩል አስቀምጠው። ማታ ቤትህ ሜትሮኖም ይዘህ የዘፈኑን መጀመሪያና መጨረሻ ለካ። መጀመሪያው 96 ሆኖ መጨረሻው 104 ከሆነ የት እንደጨመረ ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ወደ አዝማች የሚያስገባው ፊል ላይ፣ ወይም ሶሎው ሲሞቅ። ቦታውን ወረቀትህ ላይ በቀይ ምልክት አድርግበት። በሚቀጥለው ልምምድ እዚያ ስትደርስ እጅህ ራሱ ይረጋል።

መድረክ ላይ

መድረክ ላይ ልብ ይመታል፤ ልብ ሲመታ ሁሉም ነገር የዘገየ ይመስልሃል። ልምምድ ላይ ልክ የነበረው ፍጥነት የተኛ ሆኖ ይሰማሃል። አትመነው። ቁጥሩን እመን። ለመጀመሪያው ዘፈን በተለይ ሜትሮኖሙን ዐይተህ ቁጠር።

ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ላይ የድምፅ ባለሙያው “ኪክ” ሲልህ ኪክ ብቻ ምታ፣ አንድ ዓይነት ምት፣ እስኪያቆምህ ድረስ። “ስኔር” ሲል ስኔር። ዘፈኑ ላይ በምትመታበት ጉልበት ምታ፤ ያኔ ለስልሰህ በኋላ ብትጠነክር የሱን ልኬት ታበላሽበታለህ። ሞኒተርህ (ባንዱን ለአንተ የሚያሰማህ ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ምን ልጨምርልህ ሲልህ ቤዝና ድምፃዊውን ጠይቅ። ሁለቱ ካሉህ ዘፈኑ አይጠፋብህም።

ስትሳሳት ፊትህን አታጨማድድ። አብዛኛው አድማጭ ስሕተቱን የሚያውቀው ከድራመሩ ፊት ነው።

ከእናንተ ቀጥሎ ሌላ ባንድ የሚገባ ከሆነ ዕቃህን መድረክ ላይ ሆነህ መፍታት አትጀምር። ሲምባሎቹን ከነቋሚያቸው አንሥተህ ወደ ጎን አውርድና እዚያ ፍታቸው። ሰላም የምትለውን ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሰላም በል። ቀጣዩ ድራመር ስኔሩን ታቅፎ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።